ቡና የሸተተኝ ሰሞን

ጅማ ውስጥ እርግዝና መደበቅ ከባድ ነው። ምክንያቱ ቡና ነው።

ሌላ ከተማ ቢሆን "ዛሬ ቡና አላሰኘኝም" ብሎ ማለፍ ይቻላል። እዚህ ግን ቡና አልጠጣም ያለች ባለትዳር ሁለት ምክንያት ብቻ ነው የሚኖራት። ወይ ተጣልታለች፣ ወይ ጸንሳለች። እኔ ከማንም አልተጣላሁም። ጭራሽ ከልምምድ ስመለስ ላቤ ሳይደርቅ አቦሉ ላይ የምደርስ ሰው ነበርኩ። ታዲያ ጎረቤት ቤት ቡናው ምጣድ ላይ ሲንጣጣ አፌን በነጠላ ይዤ ወደ ጓሮ ስወጣ ሴቶቹ ተያዩ። ማንም ምንም አላለም። የሰፈራችን ሴቶች እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ አያወሩትም። ቶሎ ግን ያውቁታል።

ወቅቱም አልረዳኝም። በጋው መሐል ዝናብ ጣል ሲያደርግ የጅማ ዙሪያ ቡና ሁሉ ባንዴ ነጭ ያብባል። ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚያደንቀው ሽታ ነው። እኔም በየዓመቱ ያን ሰሞን የምወጣው ለልምምዱ ብቻ ሳይሆን ለሽታውም ብዬ ነበር። ዘንድሮ ግን በአጋሮ መንገድ ዳር ጎንበስ ብዬ አስመለስኩ። የሚያልፉ ባጃጆች ጡሩምባ ነፉልኝ። ዳማ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

ዳማ ውሻዬ ነው። ዘሩ ምንድን ነው ለሚሉኝ "የሐበሻ" እላለሁ። መልኩ እንደ ስሙ ነው። አንዱ ጆሮው ጫፉ የለም። ጅብ ነው የሚሉ አሉ፣ ሌላ ውሻ ነው የሚሉም አሉ። እሱ አይናገርም። በቦዬ ረግረግ በኩል ስሮጥ ተከትሎኝ መጥቶ በራችን ላይ የቀረ ውሻ ነው። ባለቤቴ "ነገ ይሄዳል" አለ። አልሄደም።

ሴት ልጅ ብቻዋን ስትሮጥ ምን እንደሚገጥማት የሮጠች ታውቀዋለች። ለከፋው አለ። የሚያባርሩ ውሾች አሉ። ገና ሳይነጋ ከወጣሽ ከቆሻሻ ገንዳው ዘግይቶ የሚመለስ ጅብ አለ። በፊት ድንጋይ ጨብጬ ነበር የምወጣው። ዳማ ከመጣ በኋላ ድንጋዩ ቀረ። ጅብ ሲሸተው ከኔ ኋላ ነው የሚደበቀው፣ እሱን ልንገራችሁ። ለከፋውን ግን በግማሽ ቀንሶታል። ወንዶቹ ውሻ ያላትን ሴት "እህት፣ ደህና አደርሽ" ብለው ነው የሚያልፏት።

እኔ ስሟ የሚታወቅ አትሌት አይደለሁም። ድሮ ለክለብ ሮጫለሁ። አሁን ሥራ አለኝ፣ ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ፣ ግማሽ ማራቶን እወዳለሁ። ዘንድሮ ለሐዋሳው ግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀሁ ነበር። የኔ መለኪያ ጅሬን ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ከመሐል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መጨረሻው ዳገት ነው። ንጉሡ ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር ይባላል። ያን ዳገት በፈረስ ነበር የሚወጡት፣ እኔ በእግሬ። ዳገቱን ሳልቆም ከወጣሁ ደህና ነኝ ማለት ነው። ከቆምኩ አንድ ነገር አለ።

ቆምኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ወባን ነው። ጅማ ላይ ለደከመው ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ወባ ነው፣ ሁለተኛው ታይፎይድ ነው። ክሊኒክ ሄጄ ጣቴን ተወጋሁ። ወባ የለም ተባለ። ወረቀቱን የሰጠችኝ ሲስተር ቀና ብላ አየችኝና "የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህ የሚገርማችሁ ሯጭ ካልሆናችሁ ነው። ረጅም ርቀት የምንሮጥ ሴቶች ዘንድ ወር መዝለል ብርቅ አይደለም። እንዲያውም አንዳንዷ "ልምምዴ ገብቶልኛል" ብላ ትኩራራበታለች። እኔ ግን አይዋጥልኝም። ወር አበባ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ሰውነት ከሚያቃጥለው ያነሰ ስለሚበላ ነው። ሰውነት ነዳጁ ሲያንሰው መጀመሪያ የሚዘጋው ለመውለድ የሚያስፈልገውን ነው። ቀጥሎ አጥንት ይሳሳል። ስንት ጎበዝ ልጅ በእግር አጥንት ስንጥቅ ከሩጫ ቀርታለች። አሰልጣኞቻችን፣ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ ስለዚህ ነገር ማውራት ያፍራሉ። እኛም እናፍራለን። በመሐል የሚጎዳው አጥንት ነው።

የሽንት ምርመራው ሁለት መስመር አወጣ። ሲስተር "እንኳን ደስ አለሽ" ብላ ፎሊክ አሲድ ከሚባለው የቫይታሚን እንክብል ጋር ምክሯንም ሰጠችኝ። ደግነቱ ወባ አልነበረም። እርጉዝ ሴት ላይ ወባ ይከፋል። ለደም ማነስ፣ ለውርጃ፣ ክብደቱ ላነሰ ልጅ ይዳርጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎበሩ እንደገና ተሰቀለ። በቦዬ ረግረግ በኩል ሲመሽ መሮጥም ቀረ። ጉማሬዎቹን ከሩቅ ማየት ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ቢንቢው ከነሱ ይብሳል።

አሁን ስለ ዳገቱ። ለምን ቆምኩ? ሆዴ ገና ሽንብራ የሚያክል ነገር ነው የያዘው። ክብደት አልጨመርኩም። ታዲያ ትንፋሼ የት ሄደ?

ነገሩን ሳነብ የገባኝ ይህ ነው። እርግዝና ሥራውን የሚጀምረው ሆድ ከመውጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። የደም መጠን ከስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ይጨምራል፣ ወደ መጨረሻው ከወትሮው በግማሽ ያህል ይበልጣል። የሚጨምረው በመጀመሪያ ውሃማው ክፍል ነው። ቀዩ የደም ሴል ኋላ ኋላ ይከተላል። ስለዚህ ደሙ ይቀጥናል። ልብ በየደቂቃው የሚረጨው ደም ገና በስምንተኛው ሳምንት በጣም ጨምሮ ይገኛል። ቁጭ ብለሽ እንኳ የልብ ምትሽ ከፍ ይላል፣ በወራቱ ሂደት ከ10 እስከ 20 ምት ሊጨምር ይችላል። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ደግሞ አንጎልን "ተንፍሺ፣ ተንፍሺ" ይለዋል። ለዚህ ነው ደረጃ ስትወጪ የሚያስለከልክሽ። ሳንባሽ አልደከመም። ለሁለት እየተነፈስሽ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ በሰዓቴ ላይ ያለው ቁጥር አላናደደኝም። አልጋ ላይ ተኝቼ የልብ ምቴ ቀለል ያለ ሶምሶማ ላይ እንዳለሁ ይመታል። ለካ ተኝቼም ልምምድ ላይ ነኝ። ሰዓቱ ግን "ዛሬ አልተንቀሳቀስሽም" ይለኛል። እሱን ብቻ አጠፋሁት።

ጉዳዩን የማያውቅ ሰው "ዕረፊ በቃ" ይላል። እናቴ በስልክ "ሩጫ ይቅርብሽ፣ ያስወርድሻል" አለችኝ። አንድ ሐኪም ቤት ሄጄ የሰማሁትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። "የልብ ምትሽ ከ140 እንዳያልፍ" አሉኝ። ይህን ቁጥር ብዙ ሴት ሰምታዋለች። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ምክር ነው። ራሱ ማኅበሩ በ1994 አንስቶታል። እኛ ጋ ግን እስካሁን አለ። አሮጌ ምክር ከአሮጌ መኪና በላይ ዕድሜ አለው።

አሁን የሚባለው ቀለል ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የሚከለክላት ነገር የሌለባት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ታድርግ ይላል። ከእርግዝና በፊት ጠንከር ያለ ስፖርት የለመደች መቀጠል ትችላለች። መለኪያው ንግግር ነው። እየሮጥሽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልሽ ደህና ነሽ። ካቃተሽ ቀንሺ።

እንግዲህ ከማን ጋር ልናገር? ብቻዬን ነው የምሮጠው። ስለዚህ ከዳማ ጋር ማውራት ጀመርኩ። "ዳማ፣ ዛሬ ገበያው ውስጥ ምን ያህል ሰው እንዳለ አየህ?" እለዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ሳይቆራረጥ ከወጣ እቀጥላለሁ። "ዳማ፣ ዛሬ..." ላይ ከቀረ እራመዳለሁ። አማርኛ ሲሰለቸኝ በኦሮምኛ አወራዋለሁ። የጅማ ውሻ ስለሆነ ሁለቱንም ይሰማል። አዌቱ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ልጆች ግን "ይቺ ሴትዮ ጤና የላትም" ብለው እንደደመደሙ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ።

ውሻው ባይኖር ኖሮ ብዬ አስባለሁ። እነዚያ ሳምንታት ከአልጋ የሚያስነሳ ምክንያት አልነበራቸውም። ድካሙን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ከረጅም ልምምድ በኋላ ያለው ድካም ይጣፍጣል፣ ሠርተሽ ነውና። ይሄኛው ሳይሠሩ የሚመጣ ነው። ጠዋት ስትነሺ ማታ ከተኛሽበት ይብስሻል። በእንዲህ ያለ ጠዋት የልምምድ ዕቅድ ወረቀት ብቻ ነው። ዳማ ግን በር ላይ ቆሟል። እሱ መውጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። ስምንት ኪሎ ሜትር ይሁን አንድ ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። እስከ ማዞሪያው በእርምጃ ሄደን ብንመለስ ያው ጅራቱን እየቆላ ነው የሚገባው። እኔ "ዛሬ ምንም አልሠራሁም" እያልኩ ስገባ እሱ ውሃውን ጠጥቶ በኩራት ይተኛል። ሯጭ የሆነች ሴት እንደዚህ ዓይነት ጓደኛ ያስፈልጋታል። ሯጭ ጓደኞቼ "ኢዚ ሂጂ"፣ ማለትም ቀስ ብለሽ ሩጪ፣ ይሉኛል፣ አብሬያቸው ስወጣ ግን ኢዚያቸው የኔ ሬስ፣ የኔ ውድድር ነው።

ፍቅሩ እንዳለ ሆኖ ዳማ የችግሬም ምንጭ ነበር። ምግቡ።

የምናበላው ከሥጋ ቤት የምናመጣው ሳንባና አጥንት ነው። ይቀቀላል። የሚቀቀል ሳንባ ሽታ በደህና ቀንም አይወደድም። በዚያ ሰሞን ግን ድስቱ ገና ሳይፈላ እኔ ጓሮ ነኝ። "ጥሬውን ለምን አትሰጡትም?" የሚል ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። አይሆንም። ውሻ ጥሬ ሳንባና ጉበት ሲበላ የሚይዘው ትል አለ። ዕንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ወደ ሰው ሲገባ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ዕጢ ይሠራል። እኛ አገር ከእርድ የተረፈውን ሁሉ ለውሻ መወርወር ልማድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይይዘዋል። ስለዚህ ሳንባው መቀቀል አለበት። ማን ይቀቅለው? ባለቤቴ። አፍንጫውን አስሮ፣ ከሰል ወደ ግቢው ጥግ አውጥቶ፣ እያጉረመረመ ቀቀለ። የትዳራችን ትልቁ መስዋዕትነት ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራለሁ። እሱ ያፍራል።

ጎረቤቶች በውሻው ጉዳይ ላይ ቃላቸው አንድ ነበር። ይውጣ። ምክንያታቸው ግን ይለያያል። አንዷ "ሆድሽ ላይ ይዘልብሻል" አለች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ማህፀን ገና በዳሌ አጥንት ውስጥ ተሸሽጎ ነው ያለው፣ ዳማም የሚዘል ውሻ አይደለም። ቢሆንም ገመዱን ወገቤ ላይ ማሰር ትቼ በእጄ መያዝ ጀመርኩ። በእርግዝና ጊዜ ጅማት ይላላል ይባላል፣ ኮሮኮንች ላይ ድንገት ከተጎተትኩ ቁርጭምጭሚቴን እንጂ ሌላ ነገር አልፈራም። ሌላዋ "ማታ ሲያላዝን ሟርት ነው" አለች። ለዚህ መልስ የለኝም። ዳማ የሚያላዝነው አዛንና የቤተ ክርስቲያን ማይክራፎን ሲገጣጠሙ ነው። ያኔ እኔም ብችል አላዝናለሁ።

ጠንከር ያለ ጥያቄ የጠየቁኝ አንዲት እማማ ናቸው። "ልጄ፣ ከእንስሳ የሚመጣ፣ ሕፃኑን የሚጎዳ በሽታ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ" አሉኝ። ትክክል ናቸው፣ አለ። ቶክሶፕላዝማ ይባላል። ግን ጥፋተኛው ውሻ አይደለም። በዓይነ ምድሯ የምታወጣው ድመት ናት። ከድመት በላይ ደግሞ ያልበሰለ ሥጋ አለ። ማለትም ቁርጥና ጥሬ ክትፎ። ይህን ስነግራቸው እማማ ዝም አሉ። ድመት አላቸው። ክትፎም ይወዳሉ። "እንግዲህ እኔ አላረግዝ" ብለው ሳቁ።

ከውሻ በእውነት የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህን ቀልድ አላደርገውም። ዳማ በየዓመቱ ይከተባል፣ የትል መድኃኒትም ይወስዳል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ተቋም ስለሆነ ከተማችን በዚህ በኩል አትታማም። ነገር ግን የሚያባርሩኝ የመንገድ ውሾች አልተከተቡም። ስለዚህ እንደኔ ለሚሮጡ ነፍሰ ጡሮች አንድ ነገር ልበል። ውሻ ከነከሰሽ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቢ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም ሂጂ። "እርጉዝ ነኝ፣ ክትባት ይጎዳኛል" ብለሽ እንዳትቀሪ። ክትባቱ ለነፍሰ ጡርም ይሰጣል። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ስለ ምግብ ብዙ አልጽፍም። ከአስር ነፍሰ ጡሮች ሰባቱን ያህል ያቅለሸልሻቸዋል፣ ሁሉም የየራሷ መላ አላት። የኔ መላ ራስጌ የሚቀመጥ ገብስ ቆሎ ነበር። ሳልነሳ፣ ተኝቼ ጥቂት ፍሬ አኝካለሁ። ባዶ ሆድ መነሳት ነው የሚያባብሰው። ከሩጫ በፊት ቀጠን ያለ በሶ በማር። እሱ ብቻ ነው ወርዶ የማይመለሰው።

አይረኑ፣ የብረት እንክብሉ ማለቴ ነው፣ ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ለነፍሰ ጡር ከፎሊክ አሲድ ጋር ይሰጣል። ሯጭ ደግሞ ድሮም ብረት ያንሳታል። ፎሊክ አሲዱ በቀን 400 ማይክሮግራም ነው፣ ቢቻል ከማርገዝ በፊት ነው መጀመር ያለበት። የልጁ አንጎልና አከርካሪ የሚሠራበት ቱቦ በጸነስሽ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ብዙ ሴት ያኔ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ልጅ የምታስቡ እህቶቼ፣ ምርመራው እስኪታይ አትጠብቁ። ብረቱን ደግሞ ከቡና ጋር አትውሰዱ፣ ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላሉ። ሲስተር ይህን ስትነግረኝ "ጅማ ላይ ይህን ስንት ሰው ይሰማሻል?" አልኳት። "አንቺ ሁለተኛዋ ነሽ" አለችኝ። ቡናውን መጠጣት የምትችሉ ደግሞ ልኩ አለ። በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን አይለፍ የሚሉ አሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ300 በላይ የምትወስድ ትቀንስ ይላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በየቤቱ እየዞሩ ለሚጠጡ የሰፈሬ ሴቶች ይህን ማን ደፍሮ ይንገራቸው።

አሁን ከበድ ወዳለው ነገር ልምጣ። ሦስት ወር ሳይሞላ አይነገርም የሚለው ልማድ።

ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ከታወቁ እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 በመቶው ይቋረጣሉ፣ አብዛኞቹ በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት። ሰው "እንኳን ደስ አለሽ" ካለሽ በኋላ "አይዞሽ" ሊልሽ መምጣቱን መሸከም ከባድ ነው። ልማዱ ሴቲቱን ለመጠበቅ የመጣ ነው። ግን ደግሞ ብቻዋን ይተዋታል። በጣም በምትደክምበት፣ በጣም በምትፈራበት ወቅት ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ ማንም አያግዝም። ሥራ ቦታ "ሰነፍሽ" ትባላለች። ቡድኗ ውስጥ "ከአቋሟ ወረደች" ትባላለች። ዝም ትላለች።

እኔም ፈርቻለሁ። መጸዳጃ ቤት በገባሁ ቁጥር ደም አይ ይሆን ብዬ። እናቴ "ያስወርድሻል" ያለችው ከጆሮዬ አይጠፋም ነበር። አሁን ለሚፈሩ የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ ላይ ከሚቋረጡት እርግዝናዎች ግማሽ ያህሉ ከጽንሱ ክሮሞዞም፣ ማለትም የዘር መረጃውን ከሚይዘው ክፍል፣ ችግር የሚመጡ ናቸው፣ ሴቲቱ አድርጋ ወይም ትታ ያመጣችው አይደለም። ጤነኛ ሴት መጠነኛ እንቅስቃሴ በማድረጓ አያስወርዳትም። ደም ካየሽ፣ ሆድሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ራስሽን ካዞረሽ ግን ሩጫውን አቁመሽ ወደ ሐኪም ነው። የሰውነት ሙቀት ከ39 ዲግሪ እንዳያልፍም እነዚያ ሳምንታት ላይ ይጠነቀቁታል። ጅማ በረሃ አይደለችም፣ ግን የቀን ስምንት ሰዓት ፀሐይዋን አልሞክራትም።

ወሬያችን ሁሉ ስለ መመለስ ነው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አጠለቀች። ጥሩነሽ ዲባባ በ2015 ወልዳ በቀጣዩ ዓመት ሪዮ ላይ ነሐስ አመጣች። አልማዝ አያና ከወለደች በኋላ በ2022 አምስተርዳም ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አሸነፈች። እነዚህን ታሪኮች ስሰማ ያደግሁ ነኝ፣ ፀጉሬ ይቆማል። ግን ሁሉም የሚጀምሩት "ወልዳ ተመለሰች" ከሚለው ነው። ደራርቱ ገና ለማንም ሳትናገር፣ ጠዋት አቅለሽልሿት ጫማዋን ያሰረችበትን ቀን የጠየቃት ጋዜጠኛ አላየሁም። ቢጠየቁ መልስ ያላቸው ይመስለኛል። እኔ ያንን መልስ ነበር መስማት የፈለግሁት። ሜዳሊያውን አውቀዋለሁ።

ለሐዋሳ የተዘጋጀሁበትን ነገር ተውኩት። ብዙ አላለቀስኩበትም። የምትሮጥ ጓደኛዬ ሄዳ ሮጣ መጣች፣ ሐይቁ ዳር የበላችውን ዓሣ ፎቶ ላከችልኝ። ዓሣው ፎቶ ላይ ሳይቀር ሸተተኝ።

አሁን አራተኛው ወር ገብቷል። ማቅለሽለሹ ለቆኛል ማለት ይቻላል፣ ሳንባው ሲቀቀል ካልሆነ። ለጎረቤት ተነግሯል። "አናውቅም ነበር!" አሉ፣ ሲያስመስሉ ያምርባቸዋል። ዳገቱን ግማሹን እየሮጥኩ፣ ግማሹን እየተራመድኩ እወጣዋለሁ። ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ስንደርስ ጠባቂው ለኔ ወንበር፣ ለዳማ ውሃ ያወጣል። በፊት ለኔ ወንበር አያወጣም ነበር። ሆድ ሲወጣ የሚጀምረው ክብር ደረሰኝ ማለት ነው።

የቀረው ጥያቄ ስወልድ ዳማን ማን ያወጣዋል የሚለው ነው። የአራስ ቤት ሕግ ጥብቅ ነው፣ እናቴ ገንፎዋን ይዛ ከመጣች ከበር አላልፍም። ውሻ ደግሞ አራስ ቤት አያውቅም። ባለቤቴ ከአሁኑ ይለማመድ ብዬ ባለፈው እሑድ ሁለቱን ላክኋቸው። ዳማ እስከ ጅሬን ጎትቶት ወጥቷል። ሲመለስ መናገር አልቻለም፣ ግድግዳ ተደግፎ በምልክት ውሃ ጠየቀ። እንደ መለኪያው ከሆነ መቀነስ ነበረበት። ማታ ላይ ትንፋሹ ሲመለስ "የሩጫ ጫማ ስንት ነው?" አለኝ። ዋጋውን ነገርኩት። ለነገ ያንቺን እሞክራለሁ አለ፣ ቁጥራችን ግን በሦስት ይለያያል።